ስለ አባታችን ቤት ዕቃና ስለ ጂንካ ክረምት

ሰው በብርቱ ዝናም ቀን ከቤቱ ሲውል ዓይኑ ከቤቱ ዕቃ ላይ ያርፋል፤ ልቡም ዕቃውን ተከትሎ ወደ ሕፃንነቱ ዘመን ይመለሳል። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከሃያ ዓመት በላይ ስናገለግል የብዙ ሟቾችን የቤት ዕቃ በውርስ መዝገብ ላይ ጽፈናል። ባለፈው ዓመት ግን የገዛ ወላጆቻችን የቤት ዕቃ በሌላ ጸሐፊ እጅ ሲመዘገብ ቆመን አየን፤ በዚያን ቀን ያገኘነውን ትምህርት ለባለ ቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ይህን ጻፍን።

ቤታችን በደቡብ ኦሞ በጂንካ ከተማ ነው። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፥ ከአሪ ተራሮች ግርጌ በኔሪ ወንዝ አጠገብ የተቀመጠች ለምለም አገር ናት። እኛ ልጆች በነበርንበት በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፕላን ማረፊያዋ ከከተማዋ መካከል ያለ የሣር ሜዳ ነበረ፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበት፥ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበት ነበር። ዝናም ሲበረታ ሜዳው ስለሚጨቀይ አውሮፕላኑ ይቀራል፤ የመኪናውም መንገድ በጭቃ ይያዛል። ያን ጊዜ ደብዳቤውም ስኳሩም ይዘገይና ሰው ሁሉ ከቤቱ ባለው ነገር ይኖራል። ዛሬ አዲስ ማረፊያ ተሠርቶ፥ መንገዱም አስፋልት ሆኖ ይህ ችግር ቀርቷል፤ እኛም ስለ ቀረ ደስ ይለናል እንጂ አንቆጭም።

አባታችን የመንዝ ሰው ነበሩ። በመንግሥት ሥራ ጸሐፊ ሆነው ወደ ኦሞራቴ ተልከው ጥቂት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ወደ ጂንካ ተዛወሩ፤ በዚያም የአሪ ተወላጅ ከሆኑት ከእናታችን ጋራ ተጋቡ። ስለዚህ የቤታችን ዕቃ እንደ ቤታችን ሰዎች ከየአገሩ የተሰበሰበ ነበር። ከመንዝ የመጣ፥ ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና ነበረ። ከቅዳሜው ገበያ የተገዙ፥ የአሪ ሴቶች በእጃቸው የሠሯቸው ምጣድና እንስራ ነበሩ። ጠፍር አልጋ፥ ከዋንዛ እንጨት የተሠራ ሣጥንና ፋኖስም ነበሩ። ከሁሉ ያነሰው ዕቃ ከአንድ እንጨት የተጠረበ ትንሽ ብርኩማ ነበረ፤ ስለ እርሱ ኋላ እንናገራለን።

አባታችን ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን፥ የሚወጣውም መስከረም 25 ቀን ነው ይሉ ነበር፤ እኛም በቄስ ትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ ነው። የጂንካ ሰማይ ግን ይህን ቍጥር አይጠብቅም። በእኛ አገር ብርቱው ዝናም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ ሁለተኛውም በመስከረምና በጥቅምት ይመለሳል፤ በመካከሉ ባሉት ወራትም ጉምና ካፊያ አይጠፋም። ኋላ በሚስዮን ትምህርት ቤት ምክንያቱን ተማርን፤ ዝናሙ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣና ወደ ደቡብ ሲመለስ፥ ለምድር ወገብ የቀረበውን አገራችንን በዓመት ሁለት ጊዜ ያልፍበታል። አባታችን ግን ሰማዩ ቢጠራም ባይጠራም ሰኔ 26 ቀን ባናውን ከሣጥን አውጥተው ያራግፉ ነበር። እናታችንም እየሳቁ፥ «መጽሐፉን ብቻ አይጠይቁ፤ ሰማዩንም ይጠይቁ እንጂ» ይሏቸው ነበር።

በዝናም ማታ ሁላችንም ስፍራችንን እናውቅ ነበር። ታላቅ እኅታችን ከዋንዛው ሣጥን ላይ፥ ታናሽ ወንድማችን በባናው ተጠቅልሎ ከአባታችን አጠገብ፥ እኛም ከምድጃው ፊት በቁርበት ላይ እንቀመጣለን። እናታችን የተቀቀለ ጎደሬ ያቀርባሉ፤ በሸክላ ያፈሉትንም የቡና ቅጠል በቅል ያድሉናል። አባታችን በፋኖስ ብርሃን ዳዊት ይደግማሉ። ዝናሙ ቆርቆሮውን በኃይል ሲመታ የሰው ድምፅ ስለማይሰማ ጣታቸውን ከቃሉ ላይ አኑረው ዝም ይላሉ፤ ሲያባራም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ቆርቆሮው ከሚያፈስበት ስፍራ አንድ ድስት ይቀመጥ ነበር፤ የጠብታው ድምፅ እንቅልፋችንን ያመጣው ነበር እንጂ አያውከንም።

ያን ብርኩማ ለአባታችን የሰጧቸው፥ በኦሞራቴ ሳሉ የተወዳጇቸው አንድ የዳሰነች ሽማግሌ ናቸው። ብርኩማ በዚያ አገር ለወንድ የማይለየው ዕቃ ነው፤ ቀን ይቀመጥበታል፥ ሌሊትም ይንተራሰዋል። የዳሰነች ሰዎች የኦሞን ሙላት የሚጠብቁት እንደ በረከት ነበር፤ በላይ አገር በክረምት የዘነበው ዝናም በጊቤና በጎጀብ ወርዶ ኦሞን ይሞላዋል፤ ውኃው ሲሸሽም በተወው ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘሩበታል። እኒያ ሽማግሌ መከር በደረሰ ጊዜ ማሽላ ይዘው እስከ ጂንካ ይመጡ ነበር፤ ሲመጡም አባታችን ብርኩማውን አቅርበው እርሳቸውን ያስቀምጡበታል፤ እኛ ልጆች ግን እንድንቀመጥበት አይፈቀድልንም ነበር።

በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከልክ አልፎ ሞልቶ በዳሰነች አገር ከ360 በላይ ሰዎች እንደ ሞቱ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው አልመጡም። አባታችን በመንገደኛ ሁሉ አስጠየቁ፤ የሚያውቅ አልተገኘም። ብርኩማውንም ከአልጋቸው ራስጌ አኖሩት፤ እስኪሞቱም ድረስ ማንም አልተቀመጠበትም። ዛሬ የኦሞ ውኃ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ይመጠናል፤ የዱሮው የክረምት ሙላት እንደ ቀድሞው አይወርድም።

አባታችን ካረፉ ከዓመታት በኋላ እናታችንም ባለፈው ዓመት ተከተሏቸው። ከሐዘኑ በኋላ ሦስታችን ስለ ቤቱ ተጣላን። በአዲስ አበባ የሚኖረው ወንድማችን ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈል አለ፤ እናታችንን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እኅታችን ደግሞ ወዴት ልሂድ አለች። እኛም ሕግ እናውቃለን ባዮች ስለ ሆንን፥ አስታርቁ ስንባል ስለ ድርሻ መጠን ተናግረን ጠቡን አባስነው። በመጨረሻ የውርስ አጣሪው ከአንድ ወጣት ጸሐፊ ጋራ መጥተው ዕቃውን መመዝገብ ጀመሩ። ያን ወጣት ሥራ ሲጀምር ያሠለጠንነው እኛ ነን።

ወጣቱም አልጋውን፥ ሣጥኑን፥ እንስራውን እየጻፈ ከብርኩማው ደረሰ፤ አገላብጦም አየና፥ «አሮጌ ብርኩማ፤ ብዛት 1፤ ዋጋ የሌለው» ብሎ ጻፈ። ቃሉን ስንሰማ ደነገጥን፤ ይህን ቃል ከእኛ ተምሮታልና። ስንት ጊዜ በስንት ቤት፥ ወራሾቹ ቆመው እያዩ፥ «ዋጋ የሌለው» ብለን ጽፈን ገጹን እንደ ገለበጥን በዚያን ሰዓት ታሰበን።

ወዲያው ብርቱ ዝናም ጣለ። ቆርቆሮው ስለ ጮኸ መነጋገር አልተቻለም፤ አጣሪውም ወጣቱም እኛም እንደ ዱሮው ማታ ዝም ብለን ተቀመጥን። እኅታችን ሳታስበው ከሣጥኑ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያም ተነሥታ ድስቱን ከሚያፈሰው ስፍራ አኖረች። ሲያባራ ወንድማችን ብርኩማውን አንሥቶ፥ «አባባ ይህን ለምን ከራስጌያቸው አኖሩት?» ብሎ ጠየቀ። እርሱ በ1998 ዓ.ም. በጂንካ ስላልነበረ ነገሩን አያውቅም። እኅታችን የሽማግሌውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ሰምቶም ብዙ ጊዜ ዝም አለ።

ጠባችን በዚያን ቀን አለቀ ብንል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን ወንድማችን ከመሄዱ በፊት፥ እኅታችን በሕይወት እስካለች ድረስ ቤቱ እንዳይሸጥ በጽሑፍ ተስማማን፤ ለእርሱም ድርሻ ከኪራይ የሚገኘው ገቢ እንዲታሰብለት ሆነ፤ ጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች ይከራያሉና። ወጣቱን ጸሐፊ ደግሞ በመግለጫው ዓምድ፥ «ለሟች አባት ከዳሰነች ወዳጃቸው የተሰጠ» ብሎ እንዲጨምር ለመንነው፤ እርሱም ጨመረ። ብርኩማው ዛሬ ከእኅታችን ዘንድ ነው። ባናውን ግን ከእናታችን ሕመም ወዲህ ያራገፈው ሰው ስላልነበረ ብል በልቶት አገኘነው፤ የዚህ ጥፋት የእኛ ነው፤ ለመጠየቅ በሄድን ቍጥር ሣጥኑን ከፍተን አላየንምና።

አንባብያን ሆይ፤ ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ፥ ዝናም ከቤት ባዋላችሁ ቀን ከአጠገባቸው ተቀምጣችሁ እያንዳንዱ ዕቃ ከማን እንደ መጣና ማን ይቀመጥበት እንደ ነበረ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት። እኛም ከዚያ ወዲህ ለመመዝገብ በገባንበት ቤት ሁሉ «ዋጋ የሌለው» ብለን ከመጻፋችን በፊት ብዕሩን አቁመን፥ «ይህ የማን ነበረ?» ብለን እንጠይቃለን። ሥራው ጥቂት ይዘገያል፤ ነገር ግን እስካሁን ድረስ መልስ ያጣንበት ቤት የለም።