ከመጮኽ መቅረብ

የሰው ልጅ ሩቅ ያለውን ወገኑን ለማነጋገር በፈለገ ጊዜ አስቀድሞ የሚቃጣው ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው። ማዶ ለማዶ መጣራት የለመደ የገጠር ሰው ግን ከጩኸቱ ይልቅ ጆሮውን ያምናል፤ አንድ ጊዜ ከተጣራ በኋላ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ «አቤት» የሚል ካልሰማ ወይ ቦታውን ይለውጣል፣ ወይ በመካከል ላለ ሰው መልእክቱን ያቀብላል። ይህ የቆየ ጥበብ ለዘመኑ ገመድ አልባ መገናኛም እንደሚሠራ የተረዳሁት የአሮጌውን ራውተራችንን መዳረሻ ለማስፋት በታገልንበት ሰሞን ነበር።

ቤታችን እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ የቆዩ ቤቶች ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ራውተሩ የስልክ መስመር በሚገባበት በሳሎኑ ጥግ ይቀመጣል፤ እናቴ ደግሞ ፀሐይ ስለሚገባላት የምትኖረው ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። በውጭ አገር ከምትኖረው ታናሽ እህቴ ጋር እሑድ እሑድ በሞባይል ቪዲዮ ይተያያሉ። ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ ግን ግቢውን ማቋረጥ ስለከበዳት መተያየቱ እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን «የልጄን ፊት ለማየት በሰው ትከሻ ተደግፌ ልወሰድ?» ስትለኝ፣ ነገሩ ከዕቃ ጉዳይ አልፎ የክብር ጉዳይ መሆኑ ተሰማኝ።

ወዳጆቻችን ኃይለኛ አዲስ መሣሪያ እንድንገዛ መከሩን። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ ደሴቶችን በሬዲዮ ያገናኘውን አሎሃኔት የተባለ የኮምፒዩተር መረብ ሥራ ላይ ሲያውሉ፣ መልእክት የላከ ጣቢያ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ካላገኘ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እንዲልክ ደነገጉ። ዋይፋይም ምላሽ የመጠበቅን ሥርዓት ይከተላል። ስለዚህ የራውተሩ ሞገድ ጓሮ ድረስ ቢዘልቅ እንኳ፣ የሞባይሉ ደካማ ማሰራጫ የሚመልሰው ቃል ሳሎን ካልደረሰ ንግግሩ ይቋረጣል። በሞባይሉ ላይ ምልክቱ እየታየ ጥሪው የሚሰናከልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የአንዱን ወገን ጩኸት ብቻ ማሳደግ የሌላውን ድምፅ አያሰማም።

ራውተራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን 802.11 ጂ የተሰኘ ደንብ የሚከተል፣ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ነው። የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን ቆርቆሮ ያነጥረዋል፤ ውሃና ርጥብ ግድግዳ ይመጡታል። ስለዚህ ራውተሩን ከብረት ቁም ሣጥኑ ጀርባ አውጥተን፣ የውሃ ታንከሩ በማይጋርደውና ጓሮውን በሚያይ መስኮት አጠገብ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። አንቴናውንም ቀጥ አድርገን አቆምነው፤ የቆመ አንቴና በዙሪያው እንጂ በጫፉ በኩል እምብዛም አያሰራጭምና። ከጎረቤት ሞገድ ለመራቅም፣ እርስ በርስ ከማይደራረቡት ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ቻናሎች ጸጥ ያለውን መረጥን። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች ወጪ ብዙ አሻሻለ፤ ምስሉ ግን አሁንም ይቆራረጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ቀረበልን። አንደኛው በመካከል ሪፒተር ማቆም ነው፤ ሆኖም በአንድ ቻናል የሚቀበልና የሚያስተላልፍ መሣሪያ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ስለሚያስነግር ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ሁለተኛው ገመድ መዘርጋት ነው። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ግቢያችን ደግሞ 20 ሜትር አይሞላም። ዘመድ የጣለውን ሌላ አሮጌ ራውተር ወስደን፣ የራሱን አድራሻ ከመጀመሪያው ለይተን፣ ለሌሎች አድራሻ የማደል ሥራውን ዘጋንበት፤ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አንድ፣ ቻናሉን ልዩ አድርገን ከእናቴ ክፍል በገመድ አገናኘነው። አሁን እህቴን የምታነጋግራት በገዛ ክፍሏ ተቀምጣ፣ ጥጧን እየፈተለች ነው።

አሮጌ የሆነ ሁሉ ይጠበቅ ማለቴ አይደለም። መረቡ በሰፋ መጠን አጥር ያልፋል፤ ዳብሊው.ኢ.ፒ. የተባለውን የምስጢር መጠበቂያ ብቻ የሚያውቅ መሣሪያም፣ የመጠበቂያው ድክመት እ.ኤ.አ. በ2001 በይፋ ስለተጋለጠ፣ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ቢያንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣውን ዳብሊው.ፒ.ኤ.2 ሊያውቅ ይገባል።

በየትምህርት ቤቱና በየባህል አዳራሹ መጋዘን አቧራ ለብሰው የተቀመጡ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አይጠፉም። መምህራን፣ የጥበብ ሰዎችና የሥራ ኃላፊዎች ለአዲስ ግዢ ደብዳቤ ከማርቀቃቸው በፊት መጋዘኑን ቢከፍቱ፣ ከኋላ ወንበር ያለው ተማሪም መልስ ሲሰጥ ይሰማ እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው። ያልተሰማው እርሱ ከሆነ፣ ጥቂት ሜትር ገመድ ዘርግቶ ወደ እርሱ መቅረብ ከብዙ ጩኸት ይበልጣል።