በበሩ ውስጥ የነበረው ድምፅ

የአጎቴ ታክሲ ከአዘዞው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ወደ ጎንደር ታመላልሳለች። ባለፈው ክረምት ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአንዱ በሯ መስታወት ወርዶ ቀረ። ዝናብ መቀመጫውን አራሰው፤ መንገደኛም ሸሸ።

አጎቴ «አንተ የተማርህ ነህ፤ ምን ሆነ?» ቢለኝ፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ሳላመነታ «ሞተሩ ተቃጥሏል» አልሁት። እርሱም ዋጋውን እያሰበ ፊቱ ጠቆረ።

ጋራዥ ስንደርስ የተቀበለን በእኔ ፈተና ወድቆ ትምህርቱን የተወ ልጅ ነበር። ጆሮውን ወደ በሩ አስጠግቶ ቁልፉን ተጫነና፣ «መምህር፣ እስቲ ይስሙት! ሞተሩ ይዞራል። ሞተር ሽቦውን ይስባል፤ ሽቦው መስታወቱን ያወጣል። የተበጠሰው ሽቦው ነው። ድምፅ ባይኖር ፊዩዙን አይ ነበር» አለኝ። እውነትም ውስጡ እንደ ንብ ጥዝዝ ይላል።

ከዚያም መስታወቱ እንዳይወድቅ ወደ ላይ ስቦ በፕላስተር አጣበቀው። ባትሪውን ነቀለ፤ የበሩን ሽፋን በካቻቪቴ ፈታ፤ ሞተሩን ከአሮጌው ማንሻ አላቅቆ በአዲሱ ላይ አሰረ፤ ሐዲዱን ግራሶ ቀባ። ሽፋኑን ከመመለሱም በፊት ባትሪውን አገናኝቶ ሞከረው። መስታወቱ ቀስ ብሎ ወጣ።

አጎቴ መረቀው፤ እኔ ግን አፈርሁ። ይህን ልጅ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር በወረቀት ጠይቄ የጣልሁት እኔ ነበርሁ።

የተሰበረውን ማንሻ ለምኜ ወሰድሁ፤ ዛሬ በክፍሌ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ልጁንም በማታ ትምህርት እንዲመዘገብ ለመንሁት።

«አስብበታለሁ፣ መምህር» አለኝ።