በሩ ከየትኛው ወገን ይቆለፋል

በጥቅምት 2006 መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ ዐረብ አገር እንዳይሄዱ አገደ። ያለ ምክንያት አልነበረም። በየጊዜው አስከሬን ይመጣ ነበር፤ ከፎቅ ወድቃ የተሰበረች ወይም አእምሮዋ የታወከ ልጅ ቦሌ ድረስ ሄዶ የተቀበለ ቤተሰብ ብዙ ነው። እገዳው በተሰማ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማፈስ ጀመረችና በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ያን ሰሞን «ይበቃል» ያላለ ሰው አላውቅም።

እገዳው እስከ 2010 አጋማሽ ዘለቀ። ጉዞው ግን አልቆመም፤ የቆመው ወረቀቱ ነው። በኤጀንሲ የምትሄድ ልጅ ሌላው ሁሉ ቢቀር የእሷና የአሠሪዋ ስም፣ ደመወዟም የተጻፈበት፣ መንግሥት ያየው ውል ነበራት። እገዳው ያንን ውል ነጥቆ ለደላላ አሳልፎ ሰጣት። ደላላው በመተማ ወይም በጅቡቲ በኩል አሻገራት። እንደ ምንም ተርፋ ስትደርስም ኤምባሲው አያውቃትም፤ አሠሪዋ ግን ጠያቂ እንደሌላት ገና ከበር ያውቃል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ይናገራል። 22 ዓመት የሞላት፣ የእናቷን ጎጆ ቆርቆሮ ለማልበስ የቆረጠች ሴት «አደጋ አለውና ቁጭ በይ» ስትባል እንደ ሕፃን መቆጠሯ ነው። አደጋውን እሷ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ በጎረቤቷ ልጅ ለቅሶ ላይ ተቀምጣለች። እያወቀች የምትሄደው እዚህ ብትቀር የሚጠብቃትንም ስለምታውቅ ነው። ያንን መለወጥ ያልቻለ መንግሥት በሩን መዝጋቱን ጥበቃ ሊለው አይገባም ነበር። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ያላጠናቀቀ በሕጋዊ መንገድ አይሄድም አለ። ሀሳቡ ይገባኛል፤ ፊደል የቆጠረ ሰው ውሉን ያነባል። ነገር ግን ስምንተኛ ክፍል ያልደረሰችው፣ ከሁሉም በላይ ጥበቃ የሚያስፈልጋት ልጅ፣ ያኔም የደላላው ድርሻ ሆና ቀረች።

*

ማዶ ሲደረስ ሌላ ቁልፍ አለ። በከፋላ ሥርዓት ሠራተኛዋ በዚያ አገር የመኖር መብቷ ከአንድ ሰው፣ ከፊል ከሚባለው አሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ፓስፖርቷን ማዳም ወስዳ ትቆልፍበታለች። ልጅቷ ድብደባ ወይም የደመወዝ ክልከላ መርሯት ከቤት ብትወጣ «ጠፋች» ትባላለች፤ ሳዑዲ ውስጥ ከፊሉ ሁሩብ ብሎ ካስመዘገባት ፖሊስ የሚፈልገው እሷን ነው። ደመወዟን የበላውን ሰው የሚፈልግ የለም።

ብዙ ሰው ችግሩ እዚያ ሕግ አለመኖሩ ይመስለዋል። ሕግስ አለ። ሳዑዲ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ለቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት እረፍት፣ በሳምንት አንድ ቀን ፈቃድ ሰጠች። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. የሥራውን ቀን በ12 ሰዓት ወሰነች። እነዚህን ደንቦች በመጀመሪያ ሳነብ ተገርሜ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ነገር ተጽፏል። ሆኖም ትታ መሄድ የማትችል ሴት የተጻፈላትን እረፍት የምታገኘው ማዳም ስትፈቅድላት ብቻ ነው። ስለዚህ ካየኋቸው ማሻሻያዎች ሁሉ ትልቁ የሚመስለኝ ቁመቱ አጭር የሆነው ነው፦ ኳታር በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ሠራተኞች ከአገር ለመውጣት የአሠሪ ፈቃድ እንዳይጠየቁ አደረገች፤ በዚያው ዓመት ያለ አሠሪ ስምምነት ሥራ መቀየርንም ፈቀደች። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ቅሬታ አለ። ቢሆንም ሕጉ የነካው ትክክለኛውን ቦታ ነው።

*

በር መዝጋት በአገር ውስጥም ይቀናል፤ በ2011 ክረምት የአዲስ አበባ አስተዳደር ሞተር ብስክሌት ከከተማዋ ጎዳናዎች አገደ፤ ልዩ ፈቃድ የተሰጣቸው ብቻ ቀሩ። የተሰጠው ምክንያት ቅሚያና ዘረፋ ነበር። በሞተር ዕቃ እያደረሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ወጣት ከቀማኛው ጋር በአንድ ውሳኔ ተቀጣ። ወንጀለኛን ፈልጎ መያዝ ማስረጃ፣ ምስክር፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መሣሪያውን ማገድ ግን አንድ መግለጫ ይበቃዋል።

*

መንገድ ዳር የምትቸረችር ሴት ሸራዋ በአራቱም ማዕዘን ገመድ የታሰረበት ነው። ደንብ አስከባሪ ከሩቅ ሲታይ ገመዶቹን አንድ ላይ ሰብስባ ትስባለች፤ ካልሲው፣ ማበጠሪያው፣ የልጆች ልብሱ በአንድ ጊዜ ጥቅልል ይልና ጀርባዋ ላይ ይወጣል። ዕቃዋን ስትዘረጋ ሽሽቷንም አብራ አስባ ነው የዘረጋችው።

የእግረኛ መንገድ የእግረኛ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ሽማግሌውና ሕፃን ያዘለችው እናት ወደ አስፋልቱ ወርደው ከመኪና ጋር ሲጋፉ ማየት አልወድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለእያንዳንዱ ዜጋ መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት ሲሰጥ የሌላውን መንገድ አብሮ አልሰጠውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰኞ ዝም የተባለችበት ቦታ ማክሰኞ ወንጀል ይሆንባታል፤ ረቡዕ ደግሞ ተመልሶ ዝም ይባላል። እሷ የምትፈራው የተጻፈውን ደንብ አይደለም፣ የዕለቱን አስከባሪ ፊት ነው። ዕቃዋ ሲወሰድስ የተወሰደው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ቅጣቱን ከፍላ የምትመልሰው በስንት ቀን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት በእጇ ይገባል? ሰዓቱና ቦታው ተለይቶ ከተነገራቸው አብዛኞቹ ያከብሩታል ባይ ነኝ፤ ለእነሱም ከየቀኑ ሩጫ ይሻላቸዋልና።

*

ቁጥጥር ሁሉ ጠላቴ እንዳይመስል ይህን ልጻፍ። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ሲጋራ ማጨስን ከለከለ። አጫሹ «ሳንባው የኔ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሆኖም እዚያው ቤት ውስጥ በቀን ስምንትና ዐሥር ሰዓት ቆማ የምታስተናግድ ልጅ አለች። ደንበኛው ጭሱ ሲበዛበት ተነስቶ ይሄዳል፤ እሷ ግን ደመወዟን ትታ የት ትሄዳለች? ይህ ሕግ ለእሷ ቆሟል። እቤቱ በረንዳ ላይ ብቻውን ለሚያጨሰው ሰው ግን ፖሊስም ጎረቤትም ሊያገባው አይገባም።

ከዚሁ ጋር የሺሻ ቤት አሰሳ ትዝ ይለኛል። በአንድ ቤት የተገኙ ወጣቶች ተሰልፈው በካሜራ ይቀረጻሉ፣ ዕቃው በአደባባይ ይቃጠላል። ቤቱ ሕግ ከጣሰ ባለቤቱ ይጠየቅ። የ20 ዓመት ልጅ ፊት በቴሌቪዥን መታየቱ ግን በየትኛው አንቀጽ የተወሰነ ቅጣት ነው? አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የሚጠብቀው ጥፋተኛ ላልሆነ ብቻ ነው አይልም።

*

መንግሥት ዝም ሲልም አይተናል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደነበር የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል፤ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም። የክፍያው ጉዳይ ለሁለት ወገኖች ነጻ ስምምነት የተተወ ነው ተባለ። ከገጠር የመጣች፣ ለአንድ ክፍል ቤት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የምታዋጣ ልጅና ከባሕር ማዶ የመጣ ኩባንያ እኩል ተቀምጠው ተደራደሩ እንደማለት ነው።

ልጆቹ ግን የቀረቻቸውን አንዲት ነጻነት ተጠቀሙባት፤ ጥለው ሄዱ። ያው ጥናት ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ሠራተኛቸውን በሙሉ ለመተካት መገደዳቸውን መዝግቧል። አንዳንድ ሥራ አስኪያጆች ይህን የሥራ ባህል ማጣት ብለው ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። እኔ የደመወዝ ድርድር አድርጌ አየዋለሁ፤ ማኅበር የሌለው ሠራተኛ ሌላ ምን የመደራደሪያ መንገድ አለው? በዚያው በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ጻፈ። ወላድ እናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ እንድታገኝም አደረገ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደመወዙን በተመለከተ ግን የተጻፈው ተስፋ ነበር።

*

የተከራይን የግል ሕይወት የሚያስተዳድረው ማን ነው ቢባል መልሱ አከራዩ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የግቢ በር አይከፈትም። እንግዳ አያድርም። ምጣድ በሳምንት አንዴ። ልብስ የሚታጠበው ውኃ ሲመጣ ሳይሆን እትዬ ሲፈቅዱ። ላጤ ሴት «ማን ይመጣብሻል?» ተብላ ተጠይቃ ነው ቁልፍ የሚሰጣት። የትኛውም መንግሥት እንዲህ ያለ ደንብ ቢያወጣ አገር ይጮኽ ነበር።

መንግሥት በዚህ መስክ ገብቶ ያውቃል። ደርግ በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ኪራይ ቀነሰ፣ አከራይ የሚባል መደብ ጠፋ፣ ተከራዩም ከግለሰብ ወደ ቀበሌ እጅ ተዛወረ። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው ከቤቱ ጋር የቀበሌውን ዐይንም አብሮ ተከራየ። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲቆይ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ አዘዘ። የኋለኛውን እደግፋለሁ። በማግስቱ ውጣ ሊባል የማይችል ተከራይ የበሩንም ሰዓት በትሕትና ሊከራከር ይችላል። ሕጉ ምጣድ ቆጥሮ ግቢ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም።

*

ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ብዙ ወገኖቻችንን አሳድሯል። ብዙዎቹ የገዛ መኪናቸውን የሚነዱ፣ የሥራ ሰዓታቸውን ራሳቸው የሚወስኑ ነበሩ። በ2008 እ.ኤ.አ. ከተማው በቀጠና ይታሰብ የነበረውን ሒሳብ ወደ ሜትር ቀየረ። ኋላም የካርድ መክፈያ፣ የጣሪያ መብራት፣ ቀይና ግራጫ ቀለም ታዘዘ። ተሳፋሪው ከሜትሩ ተጠቅሟል፤ ዋጋው እንዴት እንደሚታሰብ ማየት መብቱ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ ቀለም ለመቀባት ገንዘብ ሲያሰባስብ ኡበር ያለ ቀለሙም ያለ መብራቱም ገበያውን ይዞት ነበር። አድራሻው የሚታወቀው ትንሽ ሰው ሕጉን ተሸከመ።

*

ወደ ቤታችን ልመለስ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይላል። የዚያው አዋጅ አንቀጽ 3 የቤት ሠራተኛን ከዚህ ሁሉ ያወጣታል፤ ስለ እሷ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ይልና ያልፋል። ከሱ በፊት የነበረው የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377ም ይህንኑ ቃል ገብቶ ነበር። በሁለቱ አዋጆች መካከል 15 ዓመት አለ። ሳዑዲና ኩዌት በወረቀት ላይ የሰጧትን የእረፍት ሰዓት አገሯ በወረቀት እንኳ አልሰጣትም። ዐረብ አገር ስለሚደርስባት በደል ስንናገር ይህን ማስታወስ ይገባናል፤ ማዳምን የምንከስበት ሚዛን የእትዬንም ቤት መመዘን አለበት።

ሲነጋ ቀድማ ትነሳለች፤ ሲመሽ ምጣዱን አጥባ መጨረሻ ትተኛለች። ማታ ትምህርት ቤት ብትሄድ በአሠሪዋ ቸርነት ነው፤ ቸርነቱም ራት ቀርቦ ዕቃ ከታጠበ በኋላ ነው የሚጀምረው። ደግ ቤተሰብ ብዙ እንዳለ አውቃለሁ፤ ልጅቷን አስተምረው የዳሩም አሉ። የአንድ ሰው የእንቅልፍ ሰዓት ግን በደግነት ላይ መንጠልጠል የለበትም።

«መንግሥት ኩሽናዬ ድረስ ሊገባ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ቤቴን የሥራ ተቆጣጣሪ እንዲያንኳኳው እኔም አልፈልግም። ቀበሌ የሰውን ጓዳ የሚቆጥርበትን ዘመን ያየ ሕዝብ ይህን ቢፈራ ትክክል ነው። ተቆጣጣሪው ግን ወደ ውስጥ መግባት የለበትም፤ እሷ ወደ ውጭ መውጣት ብትችል ይበቃል። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን በሕግ የእሷ ቢሆን፣ ያን ቀን ከእህቷ ወይም ከአገሯ ልጅ ጋር ትገናኛለች፤ ሌላው ቤት ስንት እንደሚከፈል ትሰማለች፤ የተመታ ክንዷን የሚያይ ሰው ይኖራል። አንድ ገጽ ውል በወረዳው ይመዝገብ፤ ደመወዙ በየወሩ በእጇ ወይም በስሟ በተከፈተ የባንክ ደብተር ይግባ፤ መታወቂያዋ በእሷ እጅ ይቆይ። ሥራ ስትለቅም «ዕቃ ጠፍቷል» ተብላ ጣቢያ የምትሄደው ማስረጃ ሲኖር ብቻ ይሁን። ይህን ለመደንገግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የማውጣት ሥልጣኑን ቢያንስ ከ1996 ጀምሮ ይዞታል።