የእናቴ ቀኝ እጅ

እናቴን በ2011 ዓ.ም. ከሐኪም ቤት አስወጥተን ኪቶ ፉርዲሳ ወዳለው ቤታችን ስናስገባት ቀኝ እጅና እግሯ አይታዘዙላትም፤ አንደበቷም ተሳስሮ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ትረፍ፤ ትተኛ» አለ፤ እኛም ደግነት መስሎን 2 ወር ሙሉ አስተኛናት። ስናነሣትም የሰነፈውን ክንዷን እንስብ ነበር። ትከሻዋን ያሳመመው የእኛው ፍቅር ነው!

ኋላ ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ ሊጠይቋት መጡና ገሠጹን። ስትተኛ በየ2 ሰዓቱ እንድናገላብጣት፥ ቀና ብላ ሳትቀመጥ ውሃ እንዳናጠጣት (ትን ካላት ወደ ሳንባ ይወርዳልና)፥ ስናነሣትም ከወገቧ እንድንይዝ አሳዩን። የአንጎል ግራ ወገን ቀኝ ጎንን ያዛል፤ የሞተው ሥፍራ አይመለስም፤ ነገር ግን የተረፈው ሥራውን በመደጋገም ሊማር ይችላል፥ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ወራት። ከነዚያ ወራት 2ቱን እኛ አባክነናል።

ከዚያ ሰፌድ አስመጥተው ያልተለቀመ ቡና አፈሰሱበትና፥ «በይ እቴ፥ በዚያችው እጅሽ ልቀሚ» አሏት። አጋሮ ቡና ስትለቅም ያደገችውን እናቴን አንዲት ፍሬ ማንሣት ረፋዱን ሙሉ ፈጀባት። አለቀሰች፤ እኔም ወደ ጓሮ ወጣሁ። (እኔ ቢሮ ስውል በየቀኑ ያስለቀመቻት እኅቴ ናት፤ ምስጋናው ግን ለእኔ ይደርሳል።)

ጣቶቿ ዛሬም በሙሉ አልተፈቱም። ባለፈው እሑድ ግን ከሰፌዱ ጥቁሩን ፍሬ ለይታ አነሣችና፥ «ይህን ቡና ማን ገዛው?» ስትል ተቆጣች። የገዛሁት እኔ ነበርሁ።