በረዶና እሳት በአንድ ተራራ ላይ

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ሐጋይ መጋቢት 25 ቀን ይፈጸምና በማግሥቱ ዘመነ ጸደይ ይገባል፤ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር መካከል ላለው ደጋ፣ ከዚያም አልፎ ለመንዝ፣ ይህ መሸጋገሪያ እሳትና ነፋስ፣ ውኃና መሬት፣ አራቱ ባሕርያት፣ በአንድ ሰሞን በአንድ ተራራ ላይ የሚፈታተኑበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ የበልግ ገብስ የዘራ ገበሬ ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ ዝናቡ ሲዘገይም ምሕላ እየያዘ ይሰነብታል።

ከአንኮበር አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቍልቍል ለተመለከተ አልዩ አምባ፣ ከእርሷም ወዲያ የአፋር ቆላ ይታያል። ከሕንድ ውቅያኖስ ወገን የሚነፍሰው እርጥብ አየር ያን ሞቃት ቆላ አልፎ ከገደሉ ጋር በተጋጠመ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ ጣርማ በርን በጉም ያለብሳል፤ ኃይሉ ሲበረታ በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ሽምብራ የምታክለው የበረዶ ፍሬ ለከተሜው የቆርቆሮ ላይ ጩኸት ብቻ ናት፤ በግንቦት እሸት ሊሆን በተቃረበ ገብስ ላይ ስትወርድ ግን አገዳውን ከአንገቱ ትቀነጥሰዋለች፤ የወደቀውንም ዛላ ጭቃው ይውጠዋል።

ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው የእኛው አቡዬ ሜዳ ነጭ ሆኖ ቢታይ ፀሓይ እስክትበረታ ድረስ ነው። የአመዳይ ተራራስ የሰሜን ተራራ ነው፤ በአዱሊስ ተቀርጾ የነበረው፣ ተጓዡ ኮስማስም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገልብጦ ያቈየልን የአንድ ንጉሥ ጽሑፍ ሰው በዚያ ተራራ እስከ ጉልበቱ በአመዳይ ይሰጥም እንደ ነበር ይመሰክራል። ይኸው ተራራ በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ነደደ፤ ጠፋ ሲባል እንደገና ተነሥቶ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ አስጨነቀን። ከዚያ በፊት በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን በተቃጠለ ጊዜም፣ ከሰው ድካም ጋር እሳቱን የገታው በመጨረሻ የወረደው የበልግ ዝናብ ነበር።

እንግዲህ ዝናቡ በዘገየ ቍጥር ልቤ የሚሠጋው ለመንዝ ጓሳና ለወፍ ዋሻ ደን ነው። የጓሳ ሣር ከላይ ወርቅማ መስሎ ያምራል፤ በእጅ ገልጠው ሥሩን ሲያዩት ግን የብዙ ዓመት ደረቅ ቅጠል ተነባብሮበታል፤ እሳት ከዚያ ከገባ ላዩ ጠፍቶ ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ያድርና በማግሥቱ ነፋስ ያስነሣዋል። የመንዝ አባቶች ቄሮ በተባለው የጥበቃ ሥርዓት፣ በአባ ቄራው መሪነት፣ ጓሳን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው ካቈዩት በኋላ በበጋ ይከፍቱት ነበር፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ያጭዱ ነበር፤ ጾመ ሐዋርያት በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀንም ይዘጉት ነበር። በእኔ እምነት ይህ ሥርዓት ሣሩን ለትውልድ ከማካፈሉም በላይ የሚነደውን ክምችት በየጊዜው የሚያቃልል፣ ተራራውንም ያለ ጠባቂ የማይተው ጥበብ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ኋላ ራሱን አደራጅቶ በመተዳደሪያ ደንብ ጓሳን መልሶ መጠበቁ ታላቅ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው።

ትውፊት ጥበቃውን እስከ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የሚያደርስለት ወፍ ዋሻ፣ ጽዱና ዝግባው፣ ኮሶውና ከበላይ ያለው አስታ፣ ከዚህ ያነሰ ጥበቃ አይገባውም። ማር ቈራጩ ጭሱን አጥፍቶ ይሂድ፤ ከሰል አክሳዩ በነፋስ ቀን እሳት አይጫር፤ የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግ ትንበያም ዝናቡ እንደሚዘገይ ባመለከተ ጊዜ፣ ለገብሱ ብቻ ሳይሆን ለደኑም ማስጠንቀቂያ ሆኖ፣ ከየካቲት ጀምሮ በየአጥቢያው ከቅዳሴ በኋላ ይነገር፤ እሳት የሚያዩ ወጣቶችም በየተራ ከአፋፉ ይመደቡ።