ስለ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪና ስለ ቤተ ሰብ ሥርዓት

ሕግ በአደባባይ ብቻ ሳይሆን በየቤቱም ደጃፍ ሊጠበቅ እንደሚገባው ብዙ ጊዜ ይነገራል። እኛም ይህን ነገር ዛሬ የምናነሣው በራሳችን ላይ ደርሶ ስላየነው ነው።

በሠራው የሕንድ አገር ኩባንያ ስም ባጃጅ እየተባለ የሚጠራው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ለአጭር መንገድ የሚስማማ ቀላል መጓጓዣ ነው። ታክሲ በማይደርስበት ሠፈር ለሕመምተኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ እርዳታ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ለብዙ ወጣቶችም የዕለት እንጀራ ሆኗል። ዳሩ ግን ከፊት ያለው እግር አንድ ብቻ ስለ ሆነ በመታጠፊያ ላይ ሲፈጥን፣ ይልቁንም ጭነት ሲበዛበት፣ በቶሎ ይገለበጣል፤ በአውራ ጎዳና ከከባድ መኪና ጋራ ቢጋጭም ተሳፋሪውን የሚያድን ጽኑ አካል የለውም። ስለዚህ የየከተማው አስተዳደር በየትኛው መንገድ እንዲሠራ በመመሪያ ይወስናል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በ2015 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ አገልግሎቱን ካገደ በኋላ፣ ጥቂት ቆይቶ በተወሰኑ መስመሮች እንዲሠራ ፈቅዷል። ፈጽሞ መከልከል ድኻውን እንጀራ ያሳጣዋል፤ ያለ ወሰን መፍቀድም ሕይወት ያሳጣል፤ ስለዚህ ለክቶ መፍቀድ የተሻለ ነው እንላለን።

እኛ በችሎት ጸሐፊነታችን ከልክ በላይ ጭነው የተከሰሱትን አሽከርካሪዎች ቃል ስንጽፍ፣ ዳኛው ሳይፈርድ በልባችን እንፈርድባቸው ነበር። በአንድ የክረምት ማለዳ ግን የሥራ ሰዓት ስለ ደረሰብን፣ ሦስት ተሳፋሪ ብቻ በሚጭነው ባጃጅ ላይ ሦስት ልጆቻችንን ከጎረቤታችን ሁለት ልጆች ጋራ አሳፍረን፣ በዋናው መንገድ ቶሎ እንዲያደርሳቸው አሽከርካሪውን አዘዝነው። ወጣቱም «ጋሼ፣ አምስት ይበዛል» ቢለን፣ «ሕፃናት ናቸው፤ ምን ይከብዱሃል» ብለን አፉን አስያዝነው። ባጃጁ በመታጠፊያው ላይ ተገለበጠ። እግዚአብሔር ይመስገንና ነፍስ አልጠፋም፤ ነገር ግን የታላቂቱ ልጃችን ክንድ ተሰበረ።

አሽከርካሪው ተቀጣ፤ የእኛን ስም ግን አላነሣም። እኛም ዝም አልን። ማታ ልጃችን ክንዷ ታስሮ ከአጠገባችን ተቀምጣ ሳለ፣ «አባባ፣ ይበዛል ብሎዎት አልነበረምን?» አለችን። የምንመልሰው አጣን፤ እንቅልፍም ሳይወስደን አደረ።

በማግሥቱ ጉዳዩን ወደሚመለከተው የትራፊክ ፖሊስ ሄደን፣ ያዘዝነው እኛ መሆናችንን አስመዘገብን፤ ወጣቱንም ፈልገን መቀጫውን መለስንለት። ይቅርታም ጠየቅነው። እርሱ አስቀድሞ የጠየቀን ግን ስለ ልጂቱ ክንድ ነበር።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ መመሪያ ቢወጣ አሽከርካሪው ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም። ለጥቂት ደቂቃ ጥድፊያ ብለን «ትንሽ ተጠጉ» የምንል እኛ ነንና፣ ልጆቻችንን ከማሳፈራችን በፊት መቍጠር የእኛ ፈንታ ነው።