ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?

ቁርስ ላይ ያላችሁ ወዳጆቼ ይሄን በኋላ አንብቡት። ስለ ሰገራ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የዛሬ ሁለት ዓመት የትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ ሐኪሞች ሬክተም የሚሉት ቦታ ላይ ካንሰር ተገኝቶብኝ ነበር። ጨረር ወሰድኩ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፣ ለጥቂት ወራትም ሆዴ ላይ ከረጢት ይዤ ኖርኩ። ከረጢቱ ተነስቶ አንጀቴ ሲገጠምልኝ መራዊ ቤታችን በግ ታረደ። "እንኳን ለዚህ አበቃህ!" ተባልኩ። ተመስገን።

ከበጉ ማግስት የመጣውን ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። በቀን አስራ አምስት ጊዜ ሽንት ቤት። እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ ተመልሼ መግባት። ነፋስ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አለመቻል። ሲመጣ ደግሞ "ቆይ" አይባልም።

የመራዊ ሰው ቆጋን ያውቃል። ግድቡ የክረምቱን ውኃ ያጠራቅማል፣ በጋ ላይ በቦይ እየመጠነ ይለቃል። ሬክተም ለሰገራ ያ ግድብ ነው፤ ያጠራቅማል፣ የመጣውን ይለያል፣ ቦታው እስኪመች ያቆያል። ቀዶ ሕክምናው ግድቡን ያነሳና ቦዩን በቀጥታ ከበሩ ጋር ይገጥመዋል። ጨረሩ ደግሞ የቀረውን ሥጋ ያደርቀዋል፣ ነርቮቹንም ይነካል። ስምም አለው፤ ላርስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የዴንማርክ ሐኪሞች አምስት ጥያቄ ያለው መለኪያ አወጡለት። ከ42 ነው የሚታረመው፣ ከ30 ጀምሮ ከባድ ይባላል። እኔ 41 አመጣሁ። ትምህርት ቤት እንኳ እንዲህ አምጥቼ አላውቅም!

ሐኪሞቹንም አልፈርድባቸውም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ወረፋ ለማግኘት የሚጨነቅ ታማሚ "ከዳንኩ በኋላ እንዴት እጸዳዳለሁ?" ብሎ ለመጠየቅ ፋታ የለውም።

የከበደኝ ለቅሶ ነው። ድንኳን ውስጥ አልቀመጥም፤ በር ላይ ቆሜ "እግዜር ያጥናችሁ" ብዬ እወጣለሁ። "ከሕመሙ ወዲህ ኮርቷል" ተባለ። ቅዳሴ ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። ባሕር ዳር ቅርብ ናት፣ ለእኔ ግን ሚኒባስ ለመሳፈር ከማታው ጀምሮ አለመብላት ነው። እናቴ ነገሩን ስትደርስበት "ያንተን ሰገራ ያጠብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ከእኔ ነው የምትደብቀው?" አለችኝና አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ሽሮዬን በርበሬ ቀንሳ ነው የምትሠራው።

አሁን ተሽሎኛል። በሐኪም ትእዛዝ ሎፔራማይድ እወስዳለሁ፣ ቡና ከቤት ስወጣ አልጠጣም፣ ፊንጢጣን ጨብጦ መልቀቅ የሚባለውን እንቅስቃሴ በየቀኑ እሠራለሁ (ወረፋ ላይ ቆሜም፣ ማንም አያይም)። ቆዳው እንዳይቆስል በወረቀት ከመጥረግ በውኃ መታጠብና ቫዝሊን መቀባት ይሻላል። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት ለውጥ ያያል። የማይለቀውም አለ። መልሶ ከረጢቱን የሚመርጥም አለ፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አስቤበታለሁ።

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ዘመድ ያላችሁ፣ ሐኪሙን ከመቁረጡ በፊት ጠይቁት፤ ከገጠማችሁልኝ በኋላ ሰገራዬ እንዴት ነው የሚሆነው? የሚረዳኝስ ማን ነው? በሉት። የደረሰባችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሰገራ ብሎ መጻፍ ያሳፈረው "ያ ነገር" ይበለኝ፤ ይገባኛል።